ባለ ባትሪ ድሪል ለሙያ ስራ ያዋጣል ወይ?

ይሄ ባለ 18 ቮልት የባትሪ ድሪልና ኢምፓክት (ብሎን እየመታ የሚያጠብቀው ማሽን) እጄ ከገባ በኋላ ባለገመዱን የማነሳው ሲቸግረኝ ብቻ ነው። ዋናው ጥቅሙ ጉልበቱ አይደለም፣ ገመድ አለመኖሩ ራሱ ነው፣ መሰላል ላይ ወጥተህ ኤክስቴንሽኑ አልደርስ ብሎ ወርደህ ሶኬት ፍለጋ፣ ገመዱ ሰው እግር ላይ ሲጠመጠም፣ ያ ሁሉ ቀረ፣ መብራት ያልገባበት ሳይት ላይ ደሞ ለአንድ ቀዳዳ ብለህ ጀነሬተር አታስነሳም።

ሞተሩ ብረሽለስ ነው፣ ማለትም ተበልቶ የሚያልቅ ካርቦን የለውም፣ ብዙም አይግልም፣ ባትሪውንም ይቆጥባል። ጨመር አድርጋችሁ እሱን ግዙ ባይ ነኝ። ደሞ ሳጥኑ ላይ 20 ቮልት ማክስ የሚል ስታዩ እንዳትሸወዱ፣ ያው 18 ነው፣ ውስጡ 5 ሴል (ትንንሽ ባትሪ) በተከታታይ ተያይዞ ቻርጁ ሙሉ ሲሆን የሚያሳየውን ነው የፃፉት።

ድክመቱ ግራይንደር (ብረት መቁረጫና መሞረጃው) ላይ ነው። ባለ 2 አምፒር አወር (ባትሪው የሚይዘው የቻርጅ መጠን ነው) ባትሪ ስትሰካበት ወዲያው ነው የሚጨርሰው፣ 5 እና ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ እሱ ደሞ ይከብዳል፣ ቀኑን ሙሉ ብረት የሚቆርጥ ሰው ባለገመዱን ባይጥል ይሻለዋል፣ ኮንክሪት ሰበራም እንደዛው።

ሌላው፣ የአንዱ ብራንድ ባትሪ በአብዛኛው ለሌላው አይገጥምም፣ ስለዚህ መጀመሪያ የምትመርጡት ድሪሉን ሳይሆን ባትሪውን ነው፣ ከዛ ያለ ባትሪ የሚሸጠውን ማሽን ብቻ እየገዛችሁ ትጨምራላችሁ። ሁለት ባትሪ ከሌላችሁ ግን ባትጀምሩት ይሻላል፣ ስራ መሃል ቻርጀር ስር ቁጭ ብሎ መጠበቅ ያበሽቃል።