ከአያት ማዶ የሚሠሩት የቁልቁለት መኪኖች፦ ገንዘብዎን ለሚስማሩ እንጂ ለቀለሙ አያውጡ

ከአያት የቀላል ባቡር መዳረሻ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ፣ በርና መስኮት ከሚገጣጥሙት እንጨት ቤቶች መሐል፣ ሞተርም ባትሪም ሳይኖራቸው በክብደታቸው ብቻ ቁልቁል የሚሮጡ ትናንሽ የእንጨት መኪኖችን የሚሠራ አንድ አነስተኛ ቤት አለ። ባለቤቱ አልጋና ቁም ሣጥን እየሠሩ የሚተዳደሩ አናጢ ሲሆኑ፣ መኪኖቹን የሚያዘጋጁት በጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ልጆች በቤታቸው ቀርጸው የሚጨርሱትን ጥሬ ዕቃ በእሽግ ይሸጣሉ፣ ተሠርቶ የመጣላቸውን መኪና ያስተካክላሉ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ መሮጫውን ግቢ ውስጥ ዘርግተው ለመጣው ሁሉ ክፍት ያደርጋሉ። ተቀብተው ያለቁ መኪኖችም በመስኮታቸው ተደርድረዋል፤ እኔ ግን ለእነዚያ ገንዘቡን እንዲያወጣ ማንንም አልመክርም። የዚህ ቤት ብልጫ ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ የጎማው መዞሪያ የሆነው ሚስማር ከጎማው ቀዳዳ ጋር በሚገናኝበት ላይ ነው።

ጨዋታው የመጣው ከአሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በካሊፎርኒያዋ ማንሃተን ቢች ከተማ ዶን መርፊ የተባሉ፣ በኖርዝ አሜሪካን አቪዬሽን ኩባንያ ይሠሩ የነበሩ ሰው፣ ልጃቸው ተሳፍሮ ለሚነዳው የቁልቁለት መኪና ውድድር ዕድሜው ስላልደረሰ፣ ወላጅና ልጅ አብረው የሚሠሩትን በእጅ የምትያዝ መኪና አሰቡ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት ወር በሚመሩት የታዳጊ ስካውቶች ቡድን ውስጥ የመጀመሪያውን ውድድር አካሄዱ። የተለመደው ልክ ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተለወጠም፤ 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም ለስላሳ እንጨት፣ አራት ሚስማር፣ አራት የፕላስቲክ ጎማ፣ ከ5 አውንስ ማለትም ከ142 ግራም ገደማ የማይበልጥ ጠቅላላ ክብደት ነው። የአያት ማዶው አናጢ ይህንኑ ልክ ይከተላሉ። ኩሽኔታ በተገጠመለት የእንጨት ጋሪ ቁልቁለት ሲወርዱ ላደጉት የአገራችን ልጆች ሐሳቡ እንግዳ አይደለም፤ አዲስ የሚሆንባቸው የሚጠይቀው ጥንቃቄ ነው።

እሽጉ ውስጥ ያለው እንጨት የፈረንጅ ጥድ ነው፤ ምርጫውም ትክክል ነው። ባሕር ዛፍ ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይጣመማል፤ ዋንዛ ለመቅረጽ ደስ ቢልም ለዚህ ሥራ ማባከን ያሳዝናል። ያልተቀረጸው ድፍን እንጨት 250 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል መጠን ስላለው ብቻውን ከ100 ግራም በላይ ይመዝናል፤ ስለዚህ ልጁ እንጨቱን እየቀረጸ ባቀለለው መጠን፣ የቀረውን ክብደት ደስ ባለው ቦታ ላይ ለማስቀመጥ ነፃነት ያገኛል። ቅሬታዬ በድርቀቱ ላይ ነው። በበጋ የገዛነው እንጨት እንከን ያልነበረው ሲሆን፣ በክረምት የተሸጠልን ግን እርጥበቱ ገና አልወጣለትም ነበር፤ ቤት ውስጥ ሲሰነብት በትንሹ ተጣመመ፣ ሚስማር የሚገባባቸው ቦዮችም ትይዩነታቸውን አጡ። ለቁም ሣጥን እንዲህ ያለው ልዩነት ከቁም ነገር ላይገባ ይችላል፤ የፊትና የኋላ ሚስማሮቿ ትይዩ ያልሆኑላት ትንሽ መኪና ግን ከመጀመሪያው አንስቶ ወደ አንድ ጎን ታደላለች።

አንዲት መኪና ከ1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ተለቃ ምንም የሚያግዳት ነገር ባይኖር፣ ታች ስትደርስ ፍጥነቷ በሰከንድ 4.8 ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህ ጣሪያ ለከባዷም ለቀላሏም አንድ ነው። መበላለጥ የሚመጣው እያንዳንዷ በመንገድ ላይ ከምታባክነው ጉልበት ሲሆን፣ ትልቁ ብክነት ጎማው በሚስማሩ ላይ ሲዞር የሚፈጠረው ፍትጊያ ነው። ተራ ሚስማር ከፋብሪካ ሲወጣ ከአናቱ ሥር ማሽኑ ነክሶ የያዘበት ጭረትና ሹል ትርፍ ብረት ይኖረዋል፤ ጎማው በዞረ ቁጥር ይህ ትርፍ የቀዳዳውን ግድግዳ ይፍቃል። በዚህ ቤት እሽግ ውስጥ ያሉት ሚስማሮች ትርፋቸው በሞረድ ተወግዶላቸው የሚመጡ ሲሆን፣ ማለስለሱ ግን ሆን ተብሎ ለልጁ ተትቷል። ሥራው ሚስማሩን በድሪል አፍ አስይዞ እያሽከረከሩ፣ ውኃ በነካው የብርጭቆ ወረቀት ከ400 ቁጥር ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እስከ 2000 ማሸት፣ በመጨረሻም በጨርቅና በጥቂት የጥርስ ሳሙና ማወልወል ነው። ድሪሉን ትልቅ ሰው ይያዝ፤ ወረቀቱን ግን ልጁ ይያዝ፣ ምክንያቱም ሚስማሩ ከሸካራነት ወደ መስታወትነት ሲለወጥ በጣቱ የሚሰማው እርሱ ሊሆን ይገባል። እሽጉ ውስጥ እያንዳንዱ የወረቀት ዓይነት በትንሽ በትንሹ ተቆርጦ ገብቷል። አራት ሚስማር ለማሸት ከሕንፃ መሣሪያ መደብር የየቁጥሩን ሙሉ ወረቀት መግዛት ምን ያህል እንደሚያስወጣ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስበው፤ እኔ ከሁሉ አስበልጬ ያከበርኩላቸው ይህንን ነው።

ጎማዎቹ ከነጭ ናይለን ዘንግ በቶርኖ የተቆረጡ ናቸው። ጎማ ጉልበትን ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ መኪናዋን ተከትሎ ወደፊት ለመሄድ አንድ ጊዜ፣ በራሱ ላይ ለመዞር ደግሞ ሌላ ጊዜ። በዳርቻው ላይ የተቀመጠ ክብደት ከመሐሉ ይልቅ ለመዞር ስለሚያስቸግር፣ ባለቤቱ የጎማውን የውስጥ ወገን ከዳርቻው አጠገብ አሳስተው አቅልለውታል። ሥራው ንጹሕ ቢሆንም ሁሉም ጎማ እኩል አይደለም፤ ቀዳዳቸው መሐል ለመሐል ያልተበሳ አልፎ አልፎ ያጋጥማሉ። ስለዚህ ከመክፈልዎ በፊት እያንዳንዱን ጎማ ሚስማር ላይ ሰክተው በጣትዎ አዙረው ይመልከቱ፤ ዳርቻው የሚወዛወዝ ከሆነ ሌላ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፤ ያለ ምንም ክርክር ይቀይራሉ። ከጎማዎቹ ጋር የሚሰጠው ማለስለሻ ደረቅ የግራፋይት ዱቄት ነው። በቤት ያለውን የስፌት መኪና ዘይት ለመጠቀም የሚፈልጉ ወላጆችን አይቻለሁ፤ ዘይት አቧራ ይይዛል፣ አቧራውም ከዘይቱ ጋር ተቦክቶ ጎማውን ያዘገየዋል፤ በዚያ ሰፈር በበጋ ወራት አቧራ የማይደርስበት ቦታ ደግሞ የለም።

በክብደት ማሟያው ጉዳይ ቤቱ ሊያርመው የሚገባ ጉድለት አለው። በውጭ አገር ለዚህ የሚመረጠው በሴንቲ ሜትር ኩብ ከ19 ግራም በላይ የሚመዝነው ተንግስተን ነው፤ እርሳስ 11 ግራም ከጥቂት፣ ብረት ደግሞ 8 ግራም ገደማ ይመዝናሉ። ተንግስተን በማይገኝበት፣ ባለቤቱ ከጎሚስታ ቤት የሚያገኙትን የጎማ ባላንስ እርሳስ መጠቀማቸው ብልህነት ቢሆንም፣ ያንን እርሳስ ምንም ሳይጠቀለል ከብርጭቆ ወረቀቱ ጋር በአንድ ከረጢት መክተታቸው ተገቢ አይደለም። እርሳስ በተለይ ለልጆች መርዝ ነው፤ መሞረድም ሆነ በወረቀት መፈተግ ፈጽሞ የለበትም፣ የነካው እጅ መታጠብ አለበት፣ እንጨቱ ውስጥ ከገባም በኋላ በኮላና በቀለም መሸፈን አለበት። ይህንኑ ስነግራቸው በቅንነት ተቀብለው፣ ለሚጠይቅ ሰው በእርሳሱ ፋንታ ብረት ዳዶ እንደሚሰጡ ገለጹልኝ። እኔ ልጅ ላለበት ቤት ሁሉ ዳዶውን እመርጣለሁ፤ ቦታ ቢይዝም እንጨቱን ከኋላ በኩል ትንሽ ወፈር አድርጎ መተው ይበቃል።

ክብደቱ የሚቀመጥበትን ቦታ በተመለከተ የሚሰጡት ምክር የሚያስተማምን ነው። መኪናዋ ስትለቀቅ በቁልቁለቱ ላይ ኋላዋ ከፍ ብሎ ስለምትቆም፣ ወደ ኋላ የተጠጋ ክብደት ከፍ ካለ ቦታ ይነሣል፤ ስለዚህ የሚወርደው ከፍታ ይጨምራል። የክብደት ማዕከሉ ከኋላ ሚስማሮች ፊት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ላይ ቢያርፍ መልካም ነው፤ ከዚያ በላይ ወደ ኋላ ከሄደ የፊት ጎማዎች ይቀልሉና መኪናዋ ትዋዥቃለች። ልኩን ለማወቅ መኪናዋን በማስመሪያ ጠርዝ ላይ አስቀምጦ የምትመዛዘንበትን ነጥብ መፈለግ ይበቃል።

ለማስተካከያው አገልግሎት ብቻ ሲባል እንኳ ጉዞው የሚያስቆጭ አይደለም። ባለቤቱ መኪናዋን በጥቂቱ ባዘነበለ ረጅም ጣውላ ላይ ለቀው ወዴት እንደምታደላ ይመለከታሉ፤ ከዚያም በትንሹ የጎበጠውን የፊት ሚስማር በፒንሳ እያዞሩ አቅጣጫዋን ያቃናሉ። አንደኛውን የፊት ጎማ ከመሬት በወረቀት ውፍረት ያህል ያነሡታል፣ የኋላዎቹንም ከመኪናዋ ጎን እንዳይታከኩ በጥቂቱ ያዘምሟቸዋል። ይህን ሲያደርጉ አጠገባቸው የቆመ አንድ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ይኼኛው ጎማ እኮ መሬት አልነካም» ቢላቸው፣ «ሆን ብዬ ነው ልጄ፤ ካልነካ አይዞርም፣ ካልዞረ ጉልበት አይበላም» ብለው መኪናዋን ሰጡትና ራሱ እንዲሞክረው አደረጉ። አራቱም ጎማዎች መሬት እንዲነኩ የሚያስገድድ የውድድር ደንብ ስላለ፣ ወደ ውድድር የምትሄዱ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በመስኮት ስለተደረደሩት ያለቁ መኪኖች ብዙ የምለው የለም። ዋጋቸው ከእሽጉ ከእጥፍ በላይ ሲሆን፣ ክብደታቸው ለመልክ ሲባል መሐል ላይ ተደርጓል፣ ቀለማቸውም ወደ ሚስማሩ ቦይ ዘልቆ ገብቷል። ሰው የሚገዛቸው ሹል ቅርጻቸው አየር ይሰነጥቃል ብሎ ነው። በዚህ ፍጥነት ለሚሮጥ ትንሽ ነገር አየር የሚያስከትለው እንቅፋት ከፍትጊያው ያነሰ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ስለዚህ ቅርጽ የሚያመጣው ጥቅም እዚህ ይበልጥ ይቀንሳል። በመላጊያ የሳሳ ጠፍጣፋ እንጨት ለልጅ እጅም ለሩጫም ይበቃል።

መሮጫው አራት መስመር ያለው ሲሆን፣ ከጣውላ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። መጋጠሚያዎቹ በሚገባ የተላጉ ቢሆኑም በስተግራ ያለው መስመር ከሌሎቹ ጥቂት ያዘገያል፤ ቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ልጆቹ በየዙሩ መስመር እንዲለዋወጡ ያደርጋል፣ ይህም ፍርዱን ሚዛናዊ ያደርገዋል። የሰዓት መቁጠሪያ መሣሪያ ስለሌለ አሸናፊው የሚለየው በዓይን ወይም በስልክ ቪዲዮ ነው። ዝናብ ካለ መሮጫው አይዘረጋም።

እሽጉን የሚገዛ ሰው ከጥቅምት እስከ የካቲት ባለው ደረቅ ወቅት ቢገዛ ይሻለዋል፤ በክረምት መግዛት ግድ ከሆነበት እንጨቱን ሳይቀርጽ ቤት ውስጥ አየር በሚያገኝበት ቦታ ያሰንብተው። ለትምህርት ቤት ክበብ በብዛት የምታዝዙ መምህራን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ክብደቱ በዳዶ እንዲሆን በግልጽ ጠይቁ፣ ጎማዎቹንም አንድ በአንድ አዙራችሁ ሳታዩ አትረከቡ።