«30 እጥፍ» የተባለው አጉሊ መነጽር

ሐዋሳ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሰዓት ሠሪ ቤት በ650 ብር የገዛሁት፣ ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ሥር የሚያስጠጉት ዓይነት ታጣፊ አጉሊ መነጽር ነው። ሰባት ወር ሆነኝ። የፈለግኩት ለድንጋይ ሽበት ነው፤ የባዮሎጂ መምህር ስለሆንኩ ለተማሪዎቼ ላይከን እያልኩ የማስተምረው፣ ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት።

ቅሬታዬን ላስቀድም። ማኅደሩ ላይ «30 እጥፍ» ተጽፏል፤ አይደለም። 10 እጥፍ የሚያጎላ ሌንስ ከሚታየው ነገር 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ ነው አጥርቶ የሚያሳየው። 30 ቢሆን ርቀቱ አንድ ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። በማስመሪያ ብለካው 2.5 ሆነ። ይዤው ተመለስኩ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ 10 ነው።»

ማስመሪያውን ተቀብለው ራሳቸው ለኩ። «እውነትሽን ነው ልጄ። እኔም ያመንኩት ጽሑፉን ነው» ብለው 150 ብር መለሱልኝ።

ሌንሱን ግን አልመለስኩም፤ ለዚህ ሥራ 10 ይበቃል። ወንዶ ገነት አንድ ዝግባ ላይ መዳፍ መዳፍ የሚያካክሉ፣ ጠርዛቸው የተሸበሸበ ሁለት ግራጫ ላይከኖች ጎን ለጎን ተለጥፈው አገኘሁ። ለባዶ ዓይን መንታ ናቸው። በሌንሱ ሳያቸው የአንዱ ጠርዝ የጤፍ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፤ የሌላው ገጽ ደግሞ ደቃቅ ጣቶች ቆመውበታል። ዱቄቱ ሶሬዲያ፣ ጣቶቹ ኢሲዲያ ይባላሉ። ሁለቱም ተቆርሰው አዲስ ላይከን ያበቅላሉ፤ ልዩነታቸው ቆዳ ነው። ጣቶቹ የላይከኑን ቆዳ ለብሰዋል፣ ዱቄቱ ግን ቆዳ የለውም፤ ስለዚህ ሲዳስሱት እጅ ላይ ይቀራል።

ቀጥሎ በረኪና፤ ሲነካቸው የሚቀሉና የማይቀሉ ላይከኖች ስላሉ ዝርያቸውን ለመለየት ይረዳል። የላይኛውን ቆዳ በምላጭ ገለጥ አድርጌ፣ ውስጡ ያለው ነጭ ክፍል ላይ በክብሪት እንጨት ጫፍ ጠብ አደረግኩ። ጣት ያለው ወዲያው ቀላ፤ ዱቄት ያለው እንደነበረ ቀረ። ቅላቱ ቶሎ ስለሚጠፋ ዓይንን ከሌንሱ ማንሳት አይገባም። የከረመ በረኪና ደግሞ ኃይሉን ስለሚያጣ አዲስ የተከፈተ ያዙ። የቀላው ፓርሞትሬማ ቲንክቶረም የሚባለው ዝርያ ነው። ያልቀላው ገጹ ላይ እንደ መረብ የተሳሰሩ ነጭ ስንጥቆች ነበሩት፤ ፓርሞትሬማ ሬቲኩላተም። ያን መረብ ሳይ ከዝግባው ሥር ብቻዬን ጮኬአለሁ።

የሌንሱ መብራት ብዙም አይጠቅምም፤ ፊት ለፊት ስለሚያበራ ጣቶቹን ጥላ ያሳጣቸዋል። ከጎን የሚመጣ የጠዋት ፀሐይ ይሻላል። የማጠፊያው ብሎን በአራተኛው ወር ላልቶ ነበር፤ ጋሼ በነጻ አጠበቁልኝ።