የኤች. ዲ. «ትሪሎጂ»፦ በፍርስራሽ መካከል የተጻፈ ፍቅርና ጸሎት

ኤች. ዲ. በሚል የብዕር ስም የምትታወቀው አሜሪካዊት ገጣሚ ሂልዳ ዱሊትል በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለንደን ተቀምጣ የጻፈቻቸው ሦስት ረጃጅም ግጥሞች በመጀመሪያ ለየብቻቸው እ.ኤ.አ. በ1944፣ በ1945 እና በ1946 ታተሙ። ገጣሚዋ ካረፈች በኋላ በ1973 ኒው ዳይሬክሽንስ የተባለው አሳታሚ «ትሪሎጂ» በሚል ርእስ በአንድ ጥራዝ አወጣቸው። እዚህ የምገመግመው ይኸው አሳታሚ በ1998 የአሊኪ ባርንስቶንን መግቢያና የአንባቢ ማስታወሻ ጨምሮ ያቀረበውን እትም ነው። ወንድንም ሴትንም ያፈቀረች አንዲት ባለቅኔ ሕይወቷን፣ ፍቅሯንና እምነቷን ሳትነጣጥል እንዴት በአንድ ሥራ ውስጥ እንዳኖረች ለማየት ለሚሻ ሰው ከዚህ የሚበልጥ መጽሐፍ አላነበብኩም።

ሂልዳ በ1886 የተወለደችው በፔንሲልቬንያ ግዛት ቤተልሔም በተባለች ከተማ ሲሆን፣ ያደገችውም በእናቷ ወገን በወረሰችው፣ ከፕሮቴስታንት ወገን በሆነችው በሞራቪያን ቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሥርዓት ውስጥ ነው። በወጣትነቷ ለገጣሚው ለኤዝራ ፓውንድ ታጭታ ነበር፤ ፍራንሲስ ግሬግ የተባለችን ወጣት ሴትም ከልቧ ወደደች፤ በ1913 ደግሞ ደራሲውን ሪቻርድ አልዲንግተንን አገባች። በ1918 ብራየር በሚል የብዕር ስም የምትጽፈውን እንግሊዛዊት ተዋወቀች። በማግስቱ ዓመት፣ ትዳሯ በተናጋበትና ነፍሰ ጡር ሳለች በጽኑ ታማ ለሞት በተቃረበችበት ጊዜ፣ አልጋዋ አጠገብ ቆማ ያስታመመቻት ብራየር ነበረች። የሁለቱ ሴቶች ወዳጅነት፣ መልኩ በየጊዜው ቢለዋወጥም፣ ሂልዳ በ1961 እስከሞተችበት ጊዜ ድረስ ዘልቋል። በ1933 እና በ1934 ቪየና ሄዳ በሲግመንድ ፍሮይድ ዘንድ የሥነ ልቦና ትንተና ስትከታተል ባይሴክሹዋልነቷ፣ ማለትም ወንድንም ሴትንም ማፍቀሯ፣ ከውይይታቸው አንዱ ነበር፤ ለብራየር በላከችው ደብዳቤም ጉዳዩን በስሙ ጠርታ ጽፋዋለች።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ግን ግጥሞቹ አንዱንም በቀጥታ አይተርኩም። የመጀመሪያው ግጥም የተበረከተው ለብራየር ሲሆን፣ ከስሟ ሥር የሰፈሩት ሁለት ቦታዎችና ሁለት ዓመታት ብቻ ናቸው፤ ካርናክ 1923 እና ለንደን 1942። በ1923 ሁለቱ አብረው ግብፅን ጎብኝተው ነበር፤ በ1942 ደግሞ በቦምብ በፈራረሰችው ለንደን አብረው ይኖሩ ነበር። ግጥሙ ሲከፈት የከተማው አደባባይ የብረት አጥር ለመድፍ መሥሪያ ተነቅሎ ተወስዷል፤ ጣራቸው የተገነጠለው የለንደን ቤቶችና ለሰማይ ክፍት የሆነው በግብፅ የሚገኘው የካርናክ መቅደስ ጎን ለጎን ይታያሉ። ሁለቱን ፍርስራሾች እንዲህ ጎን ለጎን ማቆም የሚችለው ሁለቱንም ከአንድ ሰው ጋር ያየ ዓይን ነው፤ ስለዚህ መታሰቢያውን ልብ ብሎ ያነበበ ሰው በፍርስራሾቹ መካከል የፍቅርን ድምፅ ይሰማል። ይህ ዝምታ ፍርሃት ነው የሚሉ እንደሚኖሩ እገምታለሁ፤ እኔ ግን ፍቅሯን ለጸሎቷ መሠረት ማድረጓ ነው ብዬ አምናለሁ፤ መሠረት ደግሞ ከምድር በታች ነው የሚሠራው።

በዚሁ ክፍል ውስጥ ገጣሚዋ በጦርነት ጊዜ ቅኔ ምን ይጠቅማል ለሚሉ ሰዎች የምትሰጠው መልስ ብርቱ ነው፤ አስቀድሞ ሐሳብና ቃል ባይኖር ኖሮ ሰይፍም ባልተገኘ ነበር ትላለች። ሆኖም የግብፅና የግሪክ አማልክት ስሞች ከመጽሐፍ ቅዱስ ምስሎች ጋር በላይ በላዩ ስለሚደራረቡ፣ አንዳንዱ ገጽ ከግጥምነት ይልቅ ወደ ጥናት ያዘነብላል፤ የመጽሐፉ ደካማ ጎንም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ክፍል፣ የመላእክቱ ግጥም፣ የጥራዙ ልብ ነው። ገጣሚዋ በእሳት የጠቆረ በረንዳ ተሻግራ፣ መዝጊያ በሌለው መቃን አልፋ፣ እንደ መንፈስ በፈረሰ ግድግዳ ወደ አንድ ቤት ትገባለች፤ እዚያም በአሮጌ የአትክልት ስፍራ ውስጥ ግማሽ ጎኑ የተቃጠለ የፖም ዛፍ አብቦ ታገኛለች። ተራ ዛፍ ነው ብላ አጥብቃ ትነግረናለች፤ ተአምሩን እንድናምናት ያደረገንም ይህ ጥንቃቄዋ ነው። ከዚያ በኋላ የገብርኤልን መምጣት ስትጠብቅ እመቤቲቱ ራሷ ትገለጥላታለች። ሠዓሊያን ለዘመናት የሣሏትን መልኮች አንድ በአንድ፣ በአክብሮት፣ ከዘረዘረች በኋላ ያየቻት ከእነዚህ እንደማትመሳሰል ታስረዳለች፤ በክንዷ የታቀፈችው ሕፃን ሳይሆን መጽሐፍ ነው፤ የመጽሐፉም ገጾች ገና ያልተጻፈባቸው ነጭ ገጾች ናቸው። ሴት ለሴት በዚህ አኳኋን ስትገለጥ፣ ሴትን ማፍቀርና በመንፈስ ፊት መንበርከክ የማይጣሉ ነገሮች መሆናቸውን ግጥሙ ያለ ክርክር ያሳያል። ያን ቦታ ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል።

ሦስተኛው ክፍል ወደ ትረካ ያመራል። ማርያም መግደላዊት ከሰብአ ሰገል አንዱ ከሆነው ከካስፓር ዘንድ ከርቤ ልትወስድ ትመጣለች፤ እርሱም ሽቱው ለሌላ ታስቧል ብሎ ሊያሰናብታት ሲሞክር መጎናጸፊያዋ ከራሷ ላይ ይንሸራተታል፤ በጠጉሯ ላይ ባረፈው ብርሃን ውስጥ ካስፓር የጠፋች ገነትን ያያል። ፀጉሯን ፈታ በምትታየው ሴት የሚደነግጠው የግብዣው ባለቤት ስምዖንም በዚህ ክፍል ይገኛል። በሥጋዋ የሚነቅፋት ዓለም በሥጋዋ በኩል ራእይ እንዲያይ መደረጉ ድንቅ ነው፤ ይሁን እንጂ የካስፓር ሐሳብ በጥቂት ክፍሎች ላይ ከሚገባው በላይ ስለሚራዘም የሁለተኛውን ክፍል ጥራት አይደርስበትም።

ሦስቱ ግጥሞች እያንዳንዳቸው 43 አጫጭር ክፍሎች አሏቸው፤ በብዛት የተጻፉትም ቤት በማይመቱ ሁለት ሁለት መስመሮች ስለሆነ፣ በቀን ጥቂት ክፍሎችን እንደ ጸሎት መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው ይመቻሉ። የባርንስቶን መግቢያ ግልጽ ነው፤ በመጨረሻ የሰፈሩት ማስታወሻዎችም የአማልክቱንና የመላእክቱን ስሞች ለማያውቅ ሰው በተለይ በመጀመሪያው ክፍል እጅግ ይጠቅማሉ። በበኩሌ ሁለተኛው ክፍል ያለ ማስታወሻ ድምፅ ተሰጥቶት ቢነበብ፣ ማብራሪያውም ከዚያ በኋላ ቢታይ እመርጣለሁ።

ወንድንና ሴትን በአንድ ዘመን ማፍቀር ምን ይመስል እንደነበር በግልጽ የተተረከ ታሪክ የሚፈልግ አንባቢ ይህን ጥራዝ ይዞ ቢጀምር ቅር ሊለው ይችላል። ለእርሱ ሂልዳ በ1927 ጽፋው ከሞተች በኋላ በ1981 የታተመው «ሄርማዮኒ» የተሰኘው ልቦለድ ይቀድማል፤ በእጮኛዋና በምትወዳት ሴት መካከል የቆመችውን ወጣት እዚያ ካገኘ በኋላ ወደ «ትሪሎጂ» ቢመጣ፣ በለንደን ፍርስራሽ መካከል የምትጸልየው ሴት ማን እንደሆነች ያውቃታል።