የትንኮሳ ሊንክን ከዊኪፔዲያ ማስወገድ፦ የትኛው መሣሪያ ምን ያህል ይሠራል?

አንድ ሰው የበጎ ፈቃደኛ አርታኢን እውነተኛ ስም ወይም አድራሻ ሌላ ድረ ገጽ ላይ አጋልጦ ሊንኩን ዊኪፔዲያ ውስጥ ሲለጥፍ፣ ብዙዎች ለውጡን መልሰው ነገሩ ያለቀ ይመስላቸዋል። አላለቀም፤ ሊንኩ በገጹ ታሪክ ውስጥ ለማንም ይታያል። መጋቢ (የአስተዳዳሪነት መብት ያለው አርታኢ) ሊንኩ ያለበትን የገጹን እትም ከደበቀው ከተራው አንባቢ ይሰወራል፣ ለመጋቢዎች ግን ክፍት ነው። የግል መረጃ ካለበት የሚያስተማምነው የ«ኦቨርሳይት» ቡድን፣ ማለትም እትሞችን ከመጋቢዎችም ጭምር የመሸፈን መብት ያላቸው ጥቂት ሰዎች፣ ነው፤ እነሱ የሸፈኑትን መጋቢም አያየውም።

ለኦቨርሳይት የሚቀርበው ጥያቄ በኢሜይል መላኩ የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ ነው። በአደባባይ «ይህን አጥፉልን» ማለት ለተንኳሹ ተመልካች መጥራት ነው፤ ሊንኩን ስታወጡ በምትሞሉት የለውጥ ማጠቃለያ ላይም ስለ ሊንኩ ምንም አትጻፉ። ኢሜይሉ ውስጥ የገጹን አድራሻ ብቻ ሳይሆን የለውጡን ሊንክ ጨምሩ። ሊንኩንም ቶሎ አውጡት፤ እስኪወጣ ድረስ የሚቀመጠው እያንዳንዱ እትም ይዞት ስለሚሄድ፣ የሚሸፈነው ብዙ ይሆናል።

የተከለከሉ ሊንኮች ዝርዝር (በውስጡ ያለ አድራሻ ገጽ ላይ እንዳይቀመጥ የሚያግደው) ግን ለዚህ ሥራ ደካማ ነው። አድራሻውን በክፍተት ቆራርጦ የጻፈ ያልፈዋል፤ ዝርዝሩ ራሱም ለሁሉም የሚታይ ስለሆነ አንድን የትንኮሳ ገጽ ነጥሎ እዚያ ማስገባት እንደ ማስታወቂያ ነው። ይዘቱ ለሕዝብ የማይታይ የአርትዖት ማጣሪያ፣ ማለትም ለውጦችን በራሱ ፈትሾ የሚያግድ ደንብ፣ ይሻላል። የውጭውን ገጽ ግን አንዳቸውም አያጠፉትም፤ ያ አቤቱታ ገጹን ለሚያስተናግደው ድርጅት ይቀርባል።