ሾጣጣ ማሞቂያ ያለው የማግ ማተሚያ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ጥሩውን ቶሎ ልናገርና ልገላገል። ማሽኑ ከላይ እስከ ታች እኩል የሆነውን ቀጥ ያለ ማግ አሳምሮ ያትማል። ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ይሞቃል፣ በሦስት ደቂቃ አካባቢ ይጨርሳል፣ ቀለሙም በእጥበት አይለቅም። በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። እኔ ግን ገንዘቤን የከፈልኩት ለቀጥ ማግ ብዬ አይደለም። አብሮት ለሚመጣው ሾጣጣ ማሞቂያ ብዬ ነው። ያበሳጨኝም እሱ ነው።

ድሬ ላይ የሰርግ ወቅት ሲመጣ ስምና ቀን ያለበት ማግ የሚያዝ ሰው ብዙ ነው። ደንበኛው ደግሞ አፉ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ያለውን ይመርጣል። አልፈርድበትም፣ ያምራል፣ እጅም ላይ ይመቻል። ለአታሚ ግን መከራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማሞቂያው ቅርጽ አንድ ነው። ኩባያዎቹ ግን እንደመጡበት ፋብሪካ ይለያያሉ፤ አንዱ በትንሹ ይጠባል፣ ሌላው በጣም። የእኔው ማሞቂያ የኩባያውን አፍ አንቆ ይይዝና ከታች ክፍተት ይተዋል። ሰብሊሜሽን፣ ማለትም ይሄ በሙቀት የማተም ዘዴ፣ ደግሞ ክፍተት አይወድም። ቀለሙ በሙቀት ተንኖ ኩባያው ላይ ወዳለው ልባስ የሚገባው ሥዕሉ የታተመበት ወረቀት እኩል ተጭኖ ሲቆይ ብቻ ነው። ያልተጫነበት ቦታ ይገረጣል። ጥቁሩ ቡናማ ይሆናል፣ ቀዩ ይደበዝዛል። ላዩ የደመቀ፣ ታቹ ፀሐይ የመታው የሚመስል ማግ ይዤ ደንበኛ ፊት መቆም አልፈልግም።

ሌላው ይብሳል። ሾጣጣ ነገር ዙሪያውን ሲጨመቅ ወደ ሰፊው በኩል ይሾልካል። እጀታውን ስቆልፈው ኩባያው በጣም ትንሽ ከፍ ይላል፣ ዓይን እንኳን ላያየው ይችላል። ወረቀቱ ግን ቦታውን ይለቃል። ሲከፈት ከሙሽራዋ ስም ሥር ግራጫ ጥላ አለ፣ ፊደሉ ሁሉ ድርብ ሆኗል። ይሄን ለሰርጉ ማን ይቀበላል?

ሻጭ ምን እንደሚል አውቃለሁ። «ፕላስተር አጥብቀው ይለጥፉ።» ለጥፌያለሁ፣ ሙቀት የሚችለውን፣ ከላይም ከታችም። መንሸራተቱን ይቀንሳል እንጂ ክፍተቱን አይደፍንም። «ግፊቱን ይጨምሩ።» ስጨምር ጫናው ሁሉ አፉ ላይ ያርፋል፣ ኩባያውም ሊሰነጠቅ ይችላል። «ደቂቃውን ያርዝሙ።» የታቹ ሳይደርስ የላዩ ያርራል። አቦ፣ ችግሩ የደቂቃ አይደለም፣ የቅርጽ ነው! «ለሁሉም ኩባያ ይሆናል» ብሎ መሸጥ ልክ አይደለም። ከቀጥታው ማሞቂያ በላይ የተጨመረው ዋጋ ለዚሁ ሾጣጣ ተብሎ የተከፈለ ነው፣ እኔም የምናደደው በዚያ ጭማሪ ነው።

ትንሽ የረዳኝ ሙቀት የሚችል ስስ ጎማ ነው። ወረቀቱን ከለጠፍኩ በኋላ ጎማውን በታችኛው ግማሽ ላይ እጠመጥመዋለሁ። ክፍተቱ ይሞላል፣ ታቹም ይደምቃል። ጎማው ግን ሙቀቱን ስለሚያዘገየው የታቹንና የላዩን ማመጣጠን ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ትዕዛዝ ሲበዛ በዚህ መንገድ አይገፋም።

ማሽን ቢስተካከል እንኳን ዲዛይኑ ሌላ ጉዳይ ነው። ቀጥ ያለ አራት ማዕዘን ወረቀት ሾጣጣ ኩባያ ላይ ቢጠመጠም ጫፍና ጫፉ አይገናኝም፣ አንዱ ሽቅብ ይወጣል። ለሐረር ደንበኛ የጀጎልን ግንብ ዙሪያውን ማተም ስትፈልጉ ግንቡ ዳገት ይወጣል። ወረቀቱ እንደ ቅስት መቆረጥ አለበት። ኩባያው ከአፉ 8.5 ሴንቲሜትር፣ ከታቹ 6 ሴንቲሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ጎኑም በማዘንበሉ ላይ ሲለካ 10 ሴንቲሜትር ቢሆን፣ 10ን በ8.5 አባዙና ለልዩነቱ ለ2.5 አካፍሉ። 34 ይመጣል። የውጪው ቅስት ሬዲየስ 34፣ የውስጡ 24 ሴንቲሜትር፣ የቅስቱ ማዕዘን ደግሞ 45 ዲግሪ ነው። ሥዕሉን በዚህ ቅስት ልክ አጉብጣችሁ ስታትሙት ግንቡ ቀጥ ብሎ ይዞራል። ይሄን ማንም ሻጭ አልነገረኝም።

አሁን ዙሪያውን የሚታተም ሾጣጣ ማግ ሲታዘዝ የምጠቀመው ሙቀት ሲነካው የሚኮማተረውን የፕላስቲክ ከረጢት ነው። ወረቀቱ ይለጠፋል፣ ኩባያው ከረጢቱ ውስጥ ይገባል፣ በሙቅ አየር ማራገቢያ ሲነፋ ፕላስቲኩ ቅርጹን ተከትሎ ጥብቅ ይላል፣ ከዚያ ኦቭን ውስጥ ይገባል። ማዘንበሉ ምንም ይሁን ምን እኩል ያቅፋል። ከረጢቱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ኦቭኑም ቤቱን ያግላል፣ በድሬ ሙቀት ላይ ተጨማሪ ሙቀት ማለት ነው። ውጤቱ ግን ከአፍ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነው፣ እኔም የምፈልገው እሱን ነው።

ሲኒ የሚያዙኝም አሉ። የገበያ ሲኒ ልባሱ ስለሌለው ሰብሊሜሽን አይዘውም፣ ማሽኑም እዚያ ምንም አይሠራም። ለእሱ ያለ ሙቀት የሚለጠፈውን የዩቪ ስቲከር (ቀለሙ በአልትራቫዮሌት ብርሃን የደረቀ ተለጣፊ) እወስዳለሁ። ሲኒ ሆዱ በሁለት አቅጣጫ ስለሚዞር ትልቅ ስቲከር ይጨማደዳል። ስለዚህ ትንሽ ሎጎ ብቻ፣ ከከንፈር ራቅ ብሎ፣ ሲኒው ከቅባት በደንብ ከጸዳ በኋላ። በየቀኑ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ለሚታሸው የካፌ ሲኒ ግን አልመክረውም፣ ጠርዙ ይነሳል። ለዚያ የሚሆነው በውኃ ተንሸራቶ የሚለጠፈውና 800 ዲግሪ አካባቢ የሚጠበሰው የሴራሚክ ዲካል ነው፣ እሱም ምድጃ ላለው ሰው ነው።

ማሽኑን አልሸጠውም፣ ቀጥ ማግ እስካለ ድረስ ይሠራል። ሾጣጣውን ማሞቂያ ግን ማንም እንዲገዛ አልመክርም፣ ኩባያውን ይዞ ሄዶ ካልሞከረው በስተቀር። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ሱቅ ስትሄዱ የምታትሙበትን ኩባያ ይዛችሁ ሂዱ። ሳይሞቅ ውስጡ አስገቡትና ቆልፉት፣ ከዚያ ከታች በኩል ወረቀት ለማስገባት ሞክሩ። ወረቀቱ ከገባ አትግዙ። ሻጩ «ሳይገዙ መሞከር አይቻልም» ካለም አትግዙ።