የዊንዶውስ መዝገበ ቃላት በሊኑክስ፦ ጎልደንዲክት፣ ዋይን ወይስ ቨርቹዋልቦክስ?

ወደ ሊኑክስ የዞረ ሁሉ «የድሮው ዲክሽነሪዬስ?» ማለቱ አይቀርም። መጀመሪያ የዲክሽነሪ ፋይሎችን የሚከፍተውን ጎልደንዲክትን ሞክሩ፤ እምቢ ካለ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ የሚያስነሳውን ዋይን። ሊኑክስ ውስጥ ሙሉ ዊንዶውስ የሚያስጭነው ቨርቹዋልቦክስ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ ነው።

ሦስቱም በነፃ ይገኛሉ፤ ቨርቹዋልቦክስ ውስጥ የሚጫነው ዊንዶውስ ግን በገንዘብ ነው። የዊንዶውስ 11 ሆም ፈቃድ 139 ዶላር ያወጣል፤ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ዲስክም ይፈልጋል። 8 ጊጋባይት ራም ካላችሁ ግማሹ ቃል ለመፈለግ ብቻ ሄደ ማለት ነው። ዊንዶውስ 10 ይሻላል እንዳትሉ፣ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል።

ጎልደንዲክት የዲክሽነሪውን ፕሮግራም ትቶ ፋይሉን ያነባል፦ የባቢሎን ቢጂኤል፣ የሊንግቮ ዲኤስኤል፣ የስታርዲክት። ፋይሎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ሰብስባችሁ «ኤዲት»፣ ከዚያ «ዲክሽነሪስ» ገብታችሁ ፎልደሩን ጨምሩና «ሪስካን» በሉ። አንድ የስታርዲክት ዲክሽነሪ ሦስት ፋይል ነው፤ ከተለያዩ ግን አይከፈትም።

የራሱ የተቆለፈ ፋይል ላለው ፕሮግራም ዋይን አለ። የድሮ ዲክሽነሪዎች አብዛኞቹ 32 ቢት ስለሆኑ በኡቡንቱ የ32 ቢት ድጋፍ ጨምራችሁ ዋይን32 የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ፤ አለዚያ ሴታፑ አይነሳም። አማርኛው ባዶ ሳጥን ሆኖ ከመጣ የጎደለው ፎንት ነው፤ አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ይጫን። ሳጥን ሳይሆን የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ከሆነ ፕሮግራሙ ከዩኒኮድ (ለሁሉም ቋንቋ ፊደል የጋራ ከሆነው ኮድ) በፊት የተሠራ ነው፤ አብሮት የመጣውን ፎንት በዋይኑ ድራይቭ ሲ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ ፎልደር ውስጥ ገልብጡት። ያኔም ቢሆን ጽሑፉን ኮፒ አድርጋችሁ ሊብሬኦፊስ ላይ ስትለጥፉት ያው ዝብርቅርቁ ይመጣል።

በፍላሽ ተገልብጦ የሚሸጠው ዲክሽነሪ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙ ጊዜ ሴታፕ የለውም፤ ከተጫነበት ማሽን ፎልደሩ ብቻ ተቀድቶ ስለሚመጣ ሬጅስትሪውም (ዊንዶውስ የፕሮግራሙን ማስተካከያ የሚመዘግብበት) አንዳንድ ዲኤልኤሎችም (ፕሮግራሙ የሚጠቀምባቸው አጋዥ ፋይሎች) ይጎድላሉ። ክራክ የተደረገው (የፈቃድ ቁልፉ የተሰበረው) ይብሳል፦ የዋይን ዜድ ድራይቭ መላውን ዲስክ ስለሚያሳይ የዊንዶውስ ቫይረስም ዶክመንቶቻችሁ ጋ ይደርሳል። በዋይን ማስተካከያው «ድራይቭስ» ውስጥ ዜድን ማጥፋት ይረዳል፤ ሙሉ መከላከያ ግን አይደለም።

ሁሉ ነገር መሥራት ሲጀምር ሆም ውስጥ ተደብቆ ያለውን የዋይን ፎልደር ኮፒ አድርጋችሁ አስቀምጡ። ነገ ቢበላሽ የተበላሸውን አጥፍቶ ኮፒውን መመለስ ነው፤ እንደገና መጫን የለም።