አሮጌ ራሌይ ስፖርትስ፦ ቴላዮው የማን ነው? የመቼስ ነው?

ፍርዱን አስቀድመን እንናገር። ባለ ሦስት ማርሹ የእንግሊዝ ብስክሌት ራሌይ ስፖርትስ ዕቃው ሳይጎድል ከተገኘ፣ ለሜዳማ ከተማ ዛሬም የሚገዛ ብስክሌት ነው። ከ16 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ዳገት ላይ ያስለፋል፤ በዝናብ ደግሞ ፍሬኑ አይታመንም። ጣጣው ያለው ግዢው ላይ ነው። ሻጭ ሁሉ “የሃምሳዎቹ ኦርጅናል እንግሊዝ” ይላል፤ ቴላዮው (ሁሉም ዕቃ የሚገጠምበት የብረት አጽም) ግን ስንቴ ቀለም እንደተቀባ፣ ስንት ብስክሌት ተፈትቶ እንደተገጠመበት የሚያውቅ የለም።

ፊት ለፊት ያለው የወፏ አርማ የሚያስረዳው ጥቂት ነው። ሁለት ብሎን የያዘው ቆርቆሮ ስለሆነ ከየትም ይመጣል። በዚያ ላይ ራሌይ፣ ማለትም የኖቲንግሃሙ ፋብሪካ፣ ሌሎች ብስክሌት ሠሪዎችን፦ ሀምበርን በ1932፣ ራጅን በ1943፣ የቢ ኤስ ኤን ብስክሌት በ1957 እ.ኤ.አ. ጠቅልሏል። በ1960 የሌሎች ብስክሌት ስሞች ባለቤት ከሆነው ከቲ አይ ኩባንያ ጋር ሲዋሃድም ፊሊፕስና ሄርኩለስ አብረው ገቡ። ስለዚህ ፊሊፕስ የሚል ጽሑፍ ያለበት ቴላዮ ከዚያው ከራሌይ ፋብሪካ የወጣ ሊሆን ይችላል። የፊት ጥርሱ ላይ የተቆረጠው ቅርጽ ትንሽ ይሻላል፦ ሦስት ረጅም አንገት ያላቸው ወፎች ከሆኑ የራሌይ ነው፣ እጅ ከሆነ የራጅ፣ የሚሮጡ ሰዎች ከሆኑ የሀምበር። እሱም ቢሆን ይፈታል። መልኩማ ጨርሶ አያስተማምንም፤ በዘንግ ፍሬን የሚሠሩት የቻይናና የህንድ ብስክሌቶችም መልካቸውን የወረሱት ከእንግሊዝ ሮድስተር (ከከባዱ የድሮ የመንገድ ብስክሌት) ነው። ልዩነቱ ስፖርትስ ፍሬኑ በሽቦ፣ ጎማው ባለ 26 ኢንች መሆኑ ነው።

የማይዋሸው የፔዳሉ አክስል የሚያልፍበት ቤት ነው፤ ይህ ከቴላዮው ጋር የተበየደ ስለሆነ አይቀየርም። የተለመደው የእንግሊዝ ፊሌቶ (የብሎን ጥርስ) በኢንች 24 ጥርስ ሲኖረው ራሌይ ለነዚህ ብስክሌቶች 26 ይጠቀም ነበር። የፊሌቶ መለኪያ ከሌላችሁ በቤቱ ጎን የሚጠመዘዘውን፣ ኩሽኔታ የያዘውን አንዱን ኩባያ ፍቱና 12.7 ሚሊሜትር ላይ ጥርሱን ቁጠሩ፤ 13 ከሆነ ራሌይ ነው፣ 12 ከሆነ ሌላ። በሰንሰለቱ በኩል ያለው ኩባያ ፊሌቶው ግራ ስለሆነ የሚፈታው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ነው። ብዙ ቴላዮ የሚበላሸው እዚሁ ላይ ነው። የባለ 24ቱና የባለ 26ቱ ኩባያ ስፋት አንድ ዓይነት በመሆኑ ባለ 24ቱ ሁለት ሦስት ዙር እሺ ብሎ ይገባል፤ ከዚያ ይጠብቃል፤ መካኒኩ “ዝጎ ነው” ብሎ በጉልበት ሲገፋው ፊሌቶው ይበላል። የመሪው ኩሽኔታ ኩባያም እንዲሁ ባለ 26 ነው። በመሆኑም ኩባያና ኮን (ኩሽኔታው የሚሽከረከርበት ሾጣጣ ብረት) የጎደለው ራሌይ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛም።

ዕድሜውን ለማወቅ ወደ ኋላ ጎማ ሂዱ። ማርሹ ያለበት የጎማው እምብርት ሞዞ ይባላል፤ ሠሪው ስተርሚ አርቸር ነው። ሞዞው ላይ ያለውን ቅባት በጨርቅና በናፍጣ ጥረጉት። የሞዴሉ ስም ከሆኑት “ኤ ደብሊው” (AW) ፊደላት አጠገብ ቁጥር ተመትቷል፤ 68 እና 5 ካያችሁ ሞዞው የግንቦት 1968 ሥራ ነው (ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር)። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የነበሩት ላይ አንድ አኃዝ ብቻ ይገኛል። ሞዞው የራሱን ዕድሜ እንጂ የቴላዮውን አይናገርም፤ ጎማው ከሌላ ብስክሌት መጥቶ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የቴላዮውን ቁጥር ፈልጉ፤ ከኮርቻው ቱቦ አናት ጀርባ ወይም ከፔዳሉ ቤት ሥር ነው። ከ1973 አጋማሽ ወዲህ የወጣ ከሆነ ይነበባል፦ የመጀመሪያው ፊደል ቦታው ነው፣ “ኤን” ኖቲንግሃም፣ “ደብሊው” ወርክሶፕ፤ ሁለተኛው ፊደል ወሩ፤ ተከታዩ አኃዝ የዓመቱ መጨረሻ ቁጥር። 5 ካለ 1975 ወይም 1985 ነው፤ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሞዞው ይፈርዳል። ከዚያ በፊት ያሉት ቁጥሮች ሥርዓት ስለሌላቸው በነሱ ብቻ ዓመት የሚቆርጥላችሁን ሻጭ አትመኑ።

ጎማ ስትገዙ “26” የሚለው አይበቃም፤ ጎኑ ላይ 590 የሚለውን፣ ማለትም የቸርኬውን ልክ በሚሊሜትር፣ አንብቡ። የተራራ ብስክሌት ጎማ 559 ነው፤ አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የሽዊንን (የአሜሪካ ብስክሌት) 597 እንዳይሰጧችሁ ተጠንቀቁ። ቸርኬውን በአሉሚኒየም መቀየር የዝናቡን ፍሬን በእጅጉ ያሻሽላል፤ ሆኖም በአብዛኛው የፊቱ 32፣ የኋላው 40 ሽቦ ስለሆነ ገበያ ላይ የሞላው ባለ 36 ቀዳዳ አይገጥምም። ለዳገት የሚረዳው ርካሹ መላ የኋላውን ባለ 18 ጥርስ በባለ 22 መቀየር ነው፤ ሰንሰለቱ ግን ጥቂት መርዘም አለበት።

ከመክፈላችሁ በፊት ማርሹን ፈትኑ። ሁለተኛ ላይ አድርጋችሁ በኋላ ጎማ በቀኝ ዳዶ ቀዳዳ ተመልከቱ፤ የማርሹ ሽቦ የሚስባት የቀጭኗ ዘንግ ጫፍ ከአክስሉ ጫፍ ጋር እኩል መሆን አለበት። ካልሆነ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ፔዳሉ ባዶ ይዞራል፤ ቆሞ የሚጋልብ ሰው በዚህ ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ ሞዞው አልተሰበረም፤ የማርሹን ሽቦ ማስተካከልና በሞዞው የዘይት መስጫ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀጭን የማሽን ዘይት መጨመር ይበቃዋል። ሻጩ “ማርሹ ሞቷል” ብሎ ዋጋ ከቀነሰላችሁ አትከራከሩ።